ማርስሊን ቫሰር እና የማይበርደው ምድጃ

በብረል ሸለቆ የማርስሊን ቫሰርን ድምፅ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ በዚያ ቀን ፓሪስ ሄዶ ነበር። ነፋሱ ወደዚያ ከነፈሰ ፓሪስም ይሰማል። ቁመቷ ከበር እጀታ ብዙም አይበልጥም፤ ትከሻዋ ግን የወደብ ጫኝ ትከሻ ነው። ጉሮሮዋንማ ፈጣሪ ለአንድ ሻለቃ ጦር ያዘጋጀውን በስህተት ለእሷ ብቻ ሰጥቷት ነው ይባላል። የሠራተኛ ማኅበሩ የገዛላት ድምፅ ማጉያ ለጌጥ ነበር። አንድ ጊዜ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ "እምቢ!" ብላ ስትጮህ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የሽቶ ጠርሙስ ተሰንጥቋል። አስተዳደሩ ጠርሙሶቹ ቀድሞውኑ ስንጥቅ ነበሩ ብሎ አስተባብሏል፤ ግን በሸለቆው ውስጥ አስተዳደሩን የሚያምን ማን አለ?

ፋብሪካው የሽቶ ጠርሙስ ነው የሚሠራው። በዓለም ላይ ያለች ሴት ሁሉ፣ ንግሥትም ትሁን የንግሥት ገረድ፣ አንገቷ ላይ የምትረጨው ሽቶ ከዚህ ሸለቆ በወጣ ጠርሙስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሸለቆው ባይኖር ኖሮ የሠለጠነው ዓለም በሙሉ ላብ ላብ ይሸት ነበር።

ማርስሊን እዚያ የገባችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ መለያ ክፍል ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጠርሙሱ በመብራት ፊት ያልፋል፤ አረፋ ያለበትን፣ ጭረት ያለበትን፣ አንገቱ የተጣመመውን እያነሡ መጣል ነው። ክፋቱ ቀኑን ሙሉ በእግር ቆሞ መሆኑ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የእናቷን የወጥ ቤት በርጩማ በብብቷ ሸጉጣ መጣችና ተቀመጠችበት። አለቃው ነጠቃት። በማግሥቱ የመለያ ክፍሉ ሴቶች በሙሉ ከየቤታቸው መቀመጫ ተሸክመው መጡ። አንዷ የሟች ባሏን ባለመደገፊያ ወንበር በእጅ ጋሪ ገፍታ አመጣች፤ ሌላዋ ከቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ "ተውሳ" ነበር። አለቃው ይህን ሁሉ እንጨት የት ያድርገው? እስከ ምሳ ሰዓት ሲንጎራደድ ቆየና እጁን ሰጠ።

"ስምሽ ማን ነበር ያልሽኝ?" አላት።

"ቫሰር። ጻፈው። ደጋግመህ ስለምትጽፈው ቶሎ ትለምደዋለህ።"

እውነትም ለመደው። ከእሱ በኋላ የመጡትም ለመዱት። መጀመሪያ የመለያ ክፍሉ ሴቶች ተወካይ ሆነች፤ ቀጥሎ የፋብሪካው፤ ቀጥሎ የሸለቆው የመስታወት ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጸሐፊ። አምስት ዳይሬክተር ሸኝታለች። አንደኛው ሁለት ክረምት ሙሉ ከእሷ ጋር ሲደራደር ከርሞ ገዳም ገባ ይባላል፤ ያውም መርጦ መርጦ መነኮሳቱ ዝም የሚሉበትን ገዳም። ሜይ ዴይ በመጣ ቁጥር አውቶቡስ ሞልታ ፓሪስ ትወርዳለች፤ የአስለቃሽ ጢስ ስትምግ ኖራ ጉንፋን የሚባል ነገር አይነካትም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "ሰዎች ሚስት አገቡ፣ እኔ ስብሰባ አገባሁ" እያለ ነው የሞተው። በዚህ ሁሉ መሀል ግን መለያ ክፍሏን አልለቀቀችም። ማኅበሩ ነጻ ሰዓት ሲሰጣት እንኳ መብራቷ ፊት ትገኝ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ጥቅምት ነው ባለቤቶቹ ምድጃው ይጥፋ ያሉት። ባለቤቶቹ ሉክሰምበርግ የሚቀመጡ፣ ፊታቸውን ማንም አይቶት የማያውቅ ሰዎች ናቸው።

የመስታወት ማቅለጫ ምድጃ እንደ ቤት ምድጃ መስሎት የሚሳሳት ይኖራል። ይህኛው የአንድ ቪላ ያህል ነው፤ ሲነድ ገናም ፋሲካም አያውቅም፤ ለዓመታት ያለ ማቋረጥ ይነድዳል። በሆዱ ያለው መስታወት እንደ ማር ቀልጦ ይንተከተካል። አንዴ ከፈሰሰና ከበረደ ጡቡ ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ምድጃ ሳይሆን ሬሳ ነው። ሬሳ የታቀፈ ፋብሪካ ደግሞ ገዢ አያገኝም። ለዚህ ነው በሸለቆው አድማ ሲመታ ጠርሙሱ ይቆማል እንጂ እሳቱ የማይቆመው። ተረኞቹ ያለ ደሞዝም ቢሆን ገብተው እሳቱን ይጠብቃሉ። ይህን ልማድ የጣሰ ሰው በብረል ሸለቆ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም።

ስለዚህ ሠራተኞቹ ፋብሪካውን ያዙት። በሩ ላይ በርሜል ተቀጣጠለ፤ ቅመም የበዛበት የመርጌዝ ቋሊማ መጠበስ ጀመረ፤ የፖም አረቄም ከየጓዳው ብቅ አለ። ዳይሬክተሩ ሙሴ ደ ብሬሳክ ደግሞ ምድጃው አይጠፋም ብለው እስኪፈርሙ ድረስ ከቢሯቸው እንዳይወጡ ተደረገ። በክብር ነበር። ምሳቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይገባላቸዋል፤ አይብ ያማርጣሉ። በሁለተኛው ቀን ያቀረቡት አንድ አቤቱታ ካማምቤር የተባለው አይብ ገና አልበሰለም የሚል ብቻ ነበር፤ ማርስሊን ራሷ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ አስመጣችላቸው።

ስልካቸውን በተመለከተ ክርክር ተነሥቶ ነበር።

"ብንቆርጠውስ?" አላት አልሲድ። አልሲድ የምድጃው አዛውንት ነው። ቅንድቡ በእሳት ከተላጨ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ዳግመኛ አልበቀለም። ስለዚህ ደስ ሲለውም ሲገርመውም ፊቱ አንድ ነው።

"እናታቸው በየቀኑ ይደውሉላቸዋል።"

"እና?"

"እናማ ሰውን እናቱን እንዳያናግር እንከልክል? አረመኔ ነን እንዴ?"

"የካፒታሊስት እናት ናት።"

"እናት እናት ናት አልሲድ። ተወው አልኩህ።"

ስልኩ ተተወ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ከፓሪስ ጓድ ሬሚ ካዛል ደረሰ። ከማኅበሩ አገር አቀፍ ጽሕፈት ቤት የተላከ ነው። የቆዳ ጃኬቱ ክርኑ ላይ አልቋል፤ ሆን ብሎ ያስጨረሰው ነው የሚሉ አሉ። ማርስሊንን በሁለት ጉንጯ ስሞ፣ "ዛሬ ምሳ በእኔ ነው፤ ሁለታችን ብቻ" አላትና ድልድዩ አጠገብ ወዳለው "ነጩ ፈረስ" ምግብ ቤት ወሰዳት። ማርስሊን ልትሄድ ስትል ወደ አልሲድ ዞራ፣ "ምድር ቤቱን አደራ" አለችው። ምድር ቤቱ የምድጃው ሆድ ሥር ነው፤ ምድጃን የሚገድል ሰው በዚያ በኩል ነው የሚገባው።

"በሬሳዬ ላይ ካልሆነ ማንም አይገባም" አለ አልሲድ ደረቱን እየደቃ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ካዛል እስከ ሁለተኛው ብርጭቆ ስለ አየሩ ሲያወራ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማርስሊን፣ ስንት ዓመትሽ ነው አሁን?"

"የሴት ዕድሜ አይጠየቅም። ሃምሳ አንድ።"

"አንቺን የመሰለች ሰው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ጠርሙስ ስትቆጥር ታርጅ? ላዣንድር ጡረታ ወጣ። በአገር አቀፉ ቢሮ ወንበሩ ባዶ ነው። ጉባኤው አንቺን ይፈልጋል። ሜይ ዴይ ስንሰለፍ የምናልፍበት በረንዳ አለ አይደል? መሪዎቹ ቆመው እጅ የሚያወዛውዙበት? እዚያ ነው የምትቆሚው።"

ማርስሊን ሹካዋን አስቀመጠች። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አማራት። ያንን በረንዳ በዝናብም በፀሐይም ከሥሩ ቆማ አይታዋለች። በየዓመቱም አንድ ነገር ነው የምትለው፤ እነዚህ ሰዎች መጮህ አይችሉም፣ እኔ እዚያ ላይ ብወጣ መንግሥት በማግሥቱ ይወድቃል። ደግሞም ይወድቅ ነበር፤ በዚህ የሚጠራጠር በሸለቆው የለም።

"ዋጋው ምንድን ነው?" አለችው።

"ምን ዋጋ?"

"አንተ በራስህ ኪስ ምሳ ስትጋብዝ ታይተህ አታውቅም።"

ካዛል ሳቀ። "ነገ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ አድማው ይብቃ ትያለሽ። አንቺ ካልሽ እጃቸውን ያወጣሉ። ባለቤቶቹ ለሁሉም ጥሩ መሰናበቻ ይሰጣሉ፤ ተነጋግረናል። ምድጃው እንደሆነ አርጅቷል ማርስሊን። በክብር ይሙት።"

"ምድጃው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። እኔንም በክብር ልትገድለኝ ነው?"

"አንቺንማ ልሾምሽ ነው! አትቸኩይ፣ አስቢበት። ይሄን ወይን ቅመሺው እስቲ።"

ቀዳላት። ማርስሊን ብርጭቆውን እያዞረች በመስኮቱ አሻግራ ስታይ፣ በድልድዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ፈረንሣዊ የሰውን ፊት ከማየቱ በፊት የመኪናውን ሰሌዳ ነው የሚያነበው፤ የመጨረሻው ቁጥር ሰውየው ከየትኛው ክፍለ ሀገር እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚነዳና ምን ያህል ስስታም እንደሆነ ይነግረዋል። የእኛ ሰባ ስድስት ነው። ያለፈው መኪና ሃምሳ ዘጠኝ ነበር፤ ከሩቅ ሰሜን። ከላዩ ላይ የብረት አሸንዳ፣ ወፍራም የውሃ ቱቦና ረጅም መሰርሰሪያ ተጭኗል። አሸንዳ፣ ቱቦና መሰርሰሪያ በአንድ ላይ ሲጓዙ የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሊፈስ ወደ ተፈረደበት ምድጃ።

ማርስሊን ወደ ካዛል ዞረች። ካዛል ወደ አይቡ ሳህን ዞረ።

"አታውቅም ነበር በለኝ ሬሚ።"

"ማርስሊን፣ እነሱ... ያለ ግርግር ያልቃል ነው ያሉኝ። ማንም ሳይጎዳ።"

"ነገ ስብሰባ ላይ እጅ እንዲያወጡ ለምነኸኝ ዛሬ በምሳ ሰዓት ትገድለዋለህ?"

"እኔ አይደለሁም! ከዳይሬክተሩ ቢሮ በስልክ የተደረገ ነገር ነው።"

ስልኩ! ማርስሊን ተነሣች። የምግብ ቤቷ ባለቤት አይቡን ይዛ እየመጣች ነበርና ክው ብላ ቀረች። በዚያ ቤት ታሪክ ከአይብ በፊት የተነሣ ሰው ታይቶ አያውቅም፤ በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች እንኳ ሲሸሹ አይባቸውን በልተው ነው የሄዱት።

"መዳም ቫሰር! አይቡስ?"

"ለጓድ ካዛል ስጪው። እሱ ያልበላው ነገር የለም።"

ከድልድዩ እስከ ፋብሪካው ያለውን መንገድ እንዴት እንደሮጠችው እስከ ዛሬ ይወራል። ፖስተኛውን በብስክሌቱ ላይ ሳለ ቀደመችው። አንድ ላም በገበሬ አጥር ውስጥ ሆና ደንግጣ ለሁለት ቀን ወተት ከለከለች። ማርስሊን በሩ ላይ ስትደርስ በርሜሉ ብቻውን ይጨሳል እንጂ ጠባቂ የለም። ሰው ሁሉ ከግቢው መሀል ረጅሙ ገበታ ላይ ነው። መርጌዙ ደርሷል፣ ዳቦው ተቆርጧል፣ ሰናፍጩ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። መቼስ ቀትር ነው፤ ቀትር ላይ ይበላል። አልሲድ ከመሀል ተቀምጦ አፉን ሞልቷል።

"አልሲድ! ምድር ቤቱ!"

"እንዴ፣ ምሳ ሰዓት እኮ ነው" አለ አልሲድ እየዋጠ።

"የመኪናውን ሰዎች ማን አስገባቸው?"

"እኛ ነና። በሩን ከፈትንላቸው።"

"ለምን?!"

"ምን እናድርግ? ጨዋ ሰዎች ናቸው። መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው 'መልካም ምሳ!' አሉን። መልካም ምሳ የሚል ሰው ጠላት ይሆናል እንዴ?"

ማርስሊን የምትመልስለት ቃል አላጣችም፤ ግን ለመጻፍ የሚመች አይደለም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ምድር ቤቱ ሲኦል ራሱ ብርድ ብርድ ሲለው የሚሞቅበት ቦታ ነው። አራት ሰዎች ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ አሸንዳውን ገጥመው ጨርሰዋል፤ ውሃው ይንዠቀዠቃል። አለቃቸው፣ ቀይ ጢም ያለው ረጅም ሰው፣ መሰርሰሪያውን አስነሥቶ ጫፉን ወደ ምድጃው ሆድ አስጠግቷል። ያ ጡብ አንዴ ከተበሳ የሚፈሰውን መስታወት መልሶ የሚደፍነው የለም። ማርስሊን በመሰርሰሪያውና በጡቡ መሀል ገብታ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ቆመች። ካፖርቷ ቃጠሎ ቃጠሎ መሽተት ጀመረ።

ሰውየው መሰርሰሪያውን አጠፋ። "መዳም! ይውጡ! እዚህ አደጋ አለ!"

"አደጋው እኔ ነኝ። ስምህ ማን ነው?"

"ዊልፍሪድ። ሳይሰናበት የቀረ ሰው የለም ነው ያሉን። ፋብሪካው ተዘግቷል ብለውናል።"

"ግቢው ውስጥ ገበታ ሙሉ ሰው አላየህም?"

"አየሁ። የመሰናበቻ ግብዣ መሰለኝ። መዳም፣ እኔ ሥራዬ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሌላ አለብን። ይልቀቁኝ።"

"ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ቫላንሲየን ወገን።"

"ስንት ሰዓት ተነሣችሁ?"

"ጎህ ሳይቀድ።"

"ምሳ በላችሁ?"

ዊልፍሪድ ላቡን በክንዱ ጠረገ። ከኋላው ያለው ወፍራሙ፣ ዦኤል የሚሉት፣ በቀስታ "ቁርስም አልበላንም" አለ።

"ዝም በል ዦኤል።"

"ሰው ራበኝ ሲል ዝም በል ይባላል?" አለች ማርስሊን። "መቼ ነው ልትበሉ ያሰባችሁት?"

"አለቃችን በምሳ ሰዓት ግቡ፣ ያኔ ማንም አያያችሁም፤ ስትጨርሱ ትበላላችሁ ነው ያለን።"

"ማፍሰሱ መቼ ያልቃል?"

"ማታ።"

ማርስሊን ዝም አለች። የሚያውቋት ሰዎች ጩኸቷን አይፈሩም፤ ዝም ስትል ግን ኮፍያቸውን ይፈልጋሉ። በዚያች ቅጽበት፣ ጀርባዋ ላይ የሚነደውን ምድጃ፣ ካዛልን፣ በረንዳውን፣ ሁሉንም ረስታው ነበር።

"እስከ ማታ ሳትበሉ?!"

ከጣሪያው ላይ የሃያ ዓመት ጥቀርሻ ረገፈ። ዦኤል ራሱን በእጁ ሸፈነ።

"ተወካያችሁ ማን ነው?"

"ምን?"

"ተወካይ! የሠራተኛ ተወካይ!"

"የለንም። አራት ብቻ ነን እኮ።"

"ለአድማ ሁለት ይበቃል። አራትማ ብዙ ሕዝብ ነው!"

ዊልፍሪድ መሰርሰሪያውን መሬት ላይ ተከለና ተደገፈበት። ሞኝ ሰው አልነበረም። "ገብቶኛል መዳም። ምድጃዎን ለማትረፍ ነው። ሆዳችንን አስታከው ሊያታልሉን ነው።"

"አዎ! ለምድጃዬ ነው! ምን ልደብቅህ? ይሄ ከጠፋ ሸለቆው በሙሉ ይጠፋል። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ዋሸሁህ? በልተሃል ወይስ አልበላህም?"

"አልበላሁም።"

"እንግዲያው!"

"እምቢ ብንል ያባርሩናል።"

"እምቢ ያለ ሠራተኛ ይባረራል። አድማ የመታ ሠራተኛ ግን ሕግ አለው፤ ሕጉን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ዳኛ የለም። ጥያቄ ይኑራችሁ ብቻ። ጥያቄያችሁም ይኸው፤ የሰው ልጅ በምሳ ሰዓት ምሳ ይበላል። በል፣ ድምፅ እንስጥ። ሥራ ይቁም የምትሉ?"

ዦኤል ሁለቱንም እጆቹን አወጣ።

"አንድ ይበቃሃል የእኔ ጌታ።"

"ከምር ነው የራበኝ" አለ ዦኤል። ሌሎቹ ሁለቱም ተያይተው እጃቸውን አወጡ። ዊልፍሪድ ብቻ ቀረ። ጢሙን ያሻል፤ የአሸንዳውን ጫፍ ያያል።

"በዚህ ዓመት ስንት ምድጃ እንደገደልን ቆጥሬው አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "በየሄድንበት ወይ ያለቅሱብናል፣ ወይ ይተፉብናል። ትክክል ናቸው። ምሳ በላችሁ ወይ ያለን ሰው ግን የለም።"

እጁን አወጣ። ከዚያ ሄዶ ውሃውን ዘጋው።

"ተወካዩ አንተ ነህ" አለችው ማርስሊን። "ረጅም ስለሆንክ። አሁን ወደ ላይ።"

ከምድር ቤት ሲወጡ ገበታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ሹካ የጨበጠም ነበር፣ ቢላዋ የጨበጠም ነበር። ማርስሊን የዊልፍሪድን ክንድ ይዛ፣ "ጓዶች! እነዚህ አድማ የመቱ ሠራተኞች ናቸው! ቦታ ስጧቸው!" አለች።

አልሲድ ፊቱ ሳይለወጥ ተጠጋጋና ወንበር አወጣላቸው። "እንኳን ደህና መጣችሁ። መልካም ምሳ ብለውኝ የለ? ሰው አይቼ አልሳሳትም እኮ።"

"አንተ በሬሳዬ ላይ ያልከው ሰውዬ፣" አለችው ማርስሊን፣ "ሬሳህ አፉ ሙሉ ነው። ምድር ቤት ውረድና ተቀመጥ። ሳህንህን ይዘህ ውረድ!"

ካዛል እያለከለከ ሲደርስ የምግብ ቤቱ ናፕኪን ገና አንገቱ ላይ ነው። ከመርጌዙ አጠገብ አራቱን ሰሜኖች ሲያይ ምን እንደተፈጠረ ገባው፤ ፊቱ እንደ ናፕኪኑ ነጣ።

"ማርስሊን፣ ምን አደረግሽ? ከባለቤቶቹ ጋር ቃል ተገባብተናል! ፓሪስ ሲሰማ... ወንበሩ ቀረብሽ። ገባሽ? አለቀ!"

ገባት። ያንን ወንበር ፈልጋው ነበር፤ አልፈለግሁትም ብላ ራሷን አላታለለችም። አገጯን ቀና አደረገች።

"ስማኝ ሬሚ። ዛሬ በምሳ ሰዓት አዲስ ማኅበር መሥርቻለሁ። አራት አባላት አሉት። ሂድና በዚያ ባለ ምንጣፍ ቢሮህ መዝግብልኝ። በረንዳውንም ጥረገው፣ አበባ አድርግበት። ሜይ ዴይ ከሥሩ ቆሜ ስምህን እየጠራሁ ነው የምጮኸው።"

ከገበታው ሳቅና ፉጨት ተነሣ። ካዛል ናፕኪኑን ከአንገቱ ነጥቆ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ዦኤል ዳቦ ውስጥ የገባ መርጌዝ አቀበለው። ምን ያድርግ? ተቀበለ።

ማርስሊን ዊልፍሪድን አስከትላ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጣች። ሙሴ ደ ብሬሳክ ፒር እየላጡ ነበር።

"ሙሴ፣ ምሳዎን ጨረሱ?"

"ሊያልቅ ነው፣ መዳም ቫሰር። አመሰግናለሁ።"

"እናትዎስ ደህና ናቸው? በየቀኑ ሲያወሩ ምድጃ ስለማፍሰስ ነበር የሚያማክሯቸው?"

ዳይሬክተሩ ቢላዋውን አስቀመጡ። ጆሯቸው ቀላ። "መዳም፣ እኔም አለቃ አለኝ።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልተቆጣሁት።" ስትቆጣ ምን እንደምትመስል እግዜር ይወቅ። "ይተዋወቁ፤ ጓድ ዊልፍሪድ፣ የአፍሳሾቹ ማኅበር ዋና ጸሐፊ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት አድማ አለብዎት። ከየትኛው እንጀምር?"

ሙሴ ደ ብሬሳክ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የሰውየውን ቀይ ጢም ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙ። ከቫላንሲየን እስከ ባሕሩ ዳርቻ ምድጃ ማፍሰስ የሚያውቅ ሌላ ቡድን እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ። ሌላ ቢገኝ እንኳ አሁን በሩ ላይ ሰው ቆሟል፤ ምድር ቤት ደግሞ አልሲድ ሳህኑን ይዞ ተቀምጧል። የሽቶ ነጋዴዎቹም ጠርሙስ ለገና ካልደረሰልን እያሉ ሉክሰምበርግን በስልክ እያስጮሁት ነበር። ዳይሬክተሩ ስልኩን አነሡ። ማርስሊን በሩን ዘግታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አሁን ይደውሉ" አለች። "እኔ አለሁ። ለእናትዎም ሰላም ይበሉልኝ።"

ድርድሩ ሲፈጅ ሲፈጅ ፀሐይ ከፖም ዛፎቹ ጀርባ ገባች። ማርስሊን ስምንት ጊዜ "እምቢ" እንዳለች ዊልፍሪድ በኋላ ይናገራል፤ በዘጠነኛው መስኮቱ በራሱ ተከፈተ ይላል፤ ከዚህ ላይ ቢያጋንን ይፈቀድለት። በመጨረሻ ሙሴ ደ ብሬሳክ ፈረሙ። ምድጃው ለአንድ ዓመት አይነካም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገዢ ይፈለጋል። አፍሳሾቹም በየሄዱበት በምሳ ሰዓት ምሳቸውን ይበላሉ።

ማርስሊን ግቢው ውስጥ ካለው የእንጨት ክምር ላይ ወጣች። ሰው ሁሉ ከሥሯ ተሰበሰበ፤ ካዛልም ከኋላ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ለምን እንዳልሄደ ራሱም አያውቅም። ድምፅ ማጉያውን ሰጧት፤ መለሰችው።

"አንድ ዓመት!" አለች። ግድግዳዎቹ መለሱላት።

ጩኸቱ ሲበርድ አልሲድ ከምድር ቤት ደረጃ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ከዓመት በኋላስ?" አለ።

ጥያቄው የሁሉም ነበር። የማርስሊንም ነበር።

"ከዓመት በኋላ ይመጣሉ" አለች። "አውቃለሁ፣ ይመጣሉ። ሉክሰምበርግም ይምጣ፣ ፓሪስም ይምጣ። እኛስ ወዴት እንሄዳለን? እዚሁ ነን! ዘንድሮ እምቢ ብለናል፣ ለዓመቱም እምቢ እንላለን፤ ሌላ ምን ሥራ አለን? ምድጃው ይንደድ የምትሉ!"

እጆች ወደ ላይ ወጡ። ሴቶቹ፣ የእሳት ተረኞቹ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ድምፅ የመስጠት መብት የሌላቸው አራቱ ሰሜኖችም ጭምር። ካዛል እጁን ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ መልሶ ከተተው፤ መኪናው ውስጥ ገባ።

ማርስሊን የወጡትን እጆች አልቆጠረቻቸውም። ወደ ደረጃው ዞረች።

"አሁን የእሳት ተረኛ ማን ነው?"

"እኔ" አለ አልሲድ።

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ውረድ!"

አልሲድ ወረደ።